የጀጎል የጸሎት ቤቶች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ ከተመራቂዎቹ ክፍል አንድ ተማሪ ስለ ከተማችን እንዲናገር በተወሰነ ጊዜ ዕድሉ ለእኔ ስለ ደረሰኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ስለ ሐረር መናገር ቀላል ይመስላል። ስለ ቡናዋ፥ ስለ ጅቦቿ፥ በግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉት ስፌቶቿ የማያውቅ ሰው የለም። እኔ ግን ልናገር የመረጥሁት በየቀኑ በአጠገባቸው እያለፍን ልብ ብለን ስለማናያቸው ነገሮች ነው፤ ይኸውም በጀጎል ቅጥር ውስጥ ስለሚገኙት ጥንታውያን የጸሎት ቤቶች ነው።

ንግግሬንም በሦስት ከፍዬዋለሁ። አስቀድሜ ስለ መስጊዶቹና ስለ ቅዱሳኑ መቃብሮች፥ ቀጥዬ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ፥ በመጨረሻም እነዚህ ቤቶች ከእኛ ከወጣቶቹ ምን እንደሚፈልጉ በአጭሩ እናገራለሁ።

ስለ ቤቶቹ ከመናገሬ በፊት ስለ ቅጥሩ ጥቂት ቃል መናገር ይገባኛል። ጀጎል ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚሆን የድንጋይ ግንብ ነው። ያሠሩት በ16ኛው ምእተ ዓመት የነገሡት አሚር ኑር ናቸው እየተባለ ይነገራል። ከጥንት የነበሩት በሮች አምስት ሲሆኑ እኛ በአማርኛ የሸዋ በር፥ የቡዳ በር፥ የሰንጋ በር፥ የኤረር በርና የፈላና በር እንላቸዋለን። ሐረሪዎቹ ደግሞ በቋንቋቸው አስማዲን በሪ፥ በድሮ በሪ፥ ሱቁጣጥ በሪ፥ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ይሏቸዋል። አሚር ኑር ይህን ቅጥር ያሠሩት ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለ ነበረ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. የወደቁት ከእርሳቸው ጦር ጋር ሲዋጉ እንደ ሆነ በታሪክ ትምህርታችን ተምረናል። የአሚሩ መቃብር እስከ ዛሬ በጀጎል ውስጥ አለ፤ ጉልላቱ እንደ ንብ ቀፎ ሾጠጥ ያለ፥ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። እንግዲህ የክርስቲያኑን ንጉሥ ጦር የተዋጉት ሰው ያሠሩት ቅጥር ዛሬ በውስጡ መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም አቅፎ ይገኛል። ግንቡ ሲሠራ እንዲህ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት፥ ማለትም ዩኔስኮ፥ ጀጎልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጽፈው በቅጥሩ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች እንዳሉ አስታውቋል። ከመስጊዶቹም ሦስቱ በ10ኛው ምእተ ዓመት የተሠሩ ናቸው ተብሎ ተጽፏል። የቅጥሩ ውስጥ ስፋት 48 ሄክታር ብቻ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 48ቱን ሄክታር ለ82ቱ መስጊዶች እኩል ብናካፍል፥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በየጎኑ 76 ሜትር ያህል የሆነ ቦታ ነው። ይህም ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያንሳል። ስለዚህ በጀጎል ውስጥ የሚሄድ ሰው አንዱን መስጊድ ሳይርቅ ሌላው ይቀበለዋል ማለት ነው።

ይህን ያህል መስጊድ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ምክንያቱ የጸሎቱ ሥርዓት ነው። እስላም በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል። ሸማኔው ከሸማው፥ ነጋዴው ከሱቁ ተነሥቶ፥ ታጥቦ፥ ሰግዶ ወደ ሥራው ቶሎ ለመመለስ መስጊዱ በሰፈሩ መኖር አለበት። በዚህ ምክንያት የጀጎል መስጊዶች አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው። ከጠባቡ ጎዳና ዝቅ ባለች በር ሲገባ ትንሽ ግቢ አለ፤ በግቢው የመታጠቢያ ውኃ አለ፤ ከዚያ በኖራ የነጣ አንድ ክፍል ይገኛል። ዓርብ ሲሆን ግን ሕዝቡ በታላቁ በጃሚ መስጊድ ይሰበሰባል። እንግዲህ ትንንሾቹ የሰፈር ናቸው፤ ጃሚ የከተማው ነው።

የእነዚህ ቤቶች አቀማመጥም ለጂኦግራፊ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። መካ ከሐረር በስተ ሰሜን፥ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ስለምትገኝ የመስጊዶቹ ሚሕራብ ሁሉ ወደዚያ ያመለክታል። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ካህኑም ሕዝቡም የሚጸልየው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው። ስለዚህ በጀጎል ጎዳናዎች መካከል መንገድ የጠፋው ሰው ኮምፓስ አያስፈልገውም፤ ሰሜኑን መስጊዱ፥ ምሥራቁን ቤተ ክርስቲያኑ ይነግረዋል።

ከመስጊዶቹ ቀጥሎ የሚነገረው ስለ ቅዱሳኑ መቃብሮች ነው። ሐረሪዎች እነዚህን አዋች ብለው ይጠሯቸዋል። በቋንቋቸው «አው» ማለት አባት፥ «አይ» ማለት እናት ነው። የወንድ ቅዱስ ስም በ«አው» ይጀምራል፤ የሴት ቅድስት ስም በ«አይ» ይጀምራል። አው አባድር፥ አይ አቢዳ ሲባል ትሰማላችሁ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለእኅቶቻችን መንገር እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ በጀጎል አፈር ውስጥ እንደ አባት የከበሩ ብቻ ሳይሆኑ እንደ እናት የከበሩም አርፈዋልና። ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚጠራው አው አባድር በ13ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ 44 ቅዱሳንን አስከትለው ከዓረብ አገር መጡ ተብሎ በወግ ይነገራል። ሐረር «የቅዱሳን ከተማ» የተባለችውም በእነዚህ መቃብሮች ብዛት ነው።

መቃብር የሐዘን ቦታ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ሹዋሊድን ይመልከት። ከረመዳን በኋላ ባለው በሸዋል ወር ስድስት ቀን ተጨማሪ ጾም ይጾማል፤ ይህም ጾም ሲያበቃ የሹዋሊድ በዓል ለሦስት ቀን ይከበራል። ዚክሪውና ከበሮው የሚሰማው በአው ሹሉም አሕመድና በአው አክበራ ነው። ወጣቶች አዲስ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፤ እርስ በርስም የሚተያዩት፥ የሚተጫጩትም በዚሁ በዓል ነው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. ይህን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል። ግንቡ ቀድሞ ተጻፈ፤ ከበሮው ኋላ ተጻፈ። ይሁን እንጂ ከበሮው ባይኖር ግንቡ ባዶ ድንጋይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እሻገራለሁ።

በቀድሞ ዘመን ሐረር ለክርስቲያን የተዘጋች ከተማ ነበረች። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. ወደዚህ ሲመጣ ጉዞውን የጀመረው እንደ ዓረብ ነጋዴ ለብሶ ነው፤ በከተማዋም አሥር ቀን ያህል ብቻ ተቀምጦ ወጣ። ቀጥሎ በ1868 ዓ.ም. የግብጽ ጦር መጥቶ ከተማዋን ያዘ። ግብጻውያን የከተማዋን አሚር ገደሉ፤ በፈረስ መጋላ፥ ማለትም በፈረስ ገበያው አደባባይም፥ መስጊድ ሠሩ። በእነርሱ ዘመን፥ በ1873 ዓ.ም.፥ ቶረን ካኝ የተባሉት የካፑቺን ጳጳስ ወደ ሐረር ገብተው የካቶሊክ ሚሲዮን አቋቋሙ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በጀጎል ውስጥ የካቶሊክ ጸሎት የተጀመረው በእስላም መንግሥት ፈቃድ ነው።

ግብጻውያን በ1877 ዓ.ም. ለቅቀው ሄዱ። አሚር አብዱላሂም ነገሡ። በ1879 ዓ.ም. ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ከተማዋን ያዙ፤ ራስ መኰንንም እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ አገረ ገዢ ሆነው ኖሩ። ዛሬ በፈረስ መጋላ የሚታየው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከዚህ ድል በኋላ ነው። የቆመውም ግብጻውያኑ መስጊድ ሠርተውበት በነበረው ቦታ ላይ ነው።

ከካቶሊኩ ሚሲዮን አባቶች መካከል በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የታወቁት አባ እንድርያስ የሚባሉት ፈረንሳዊው አንድሬ ዣሮሶ ናቸው። ወደ አገራችን የመጡት በ1874 ዓ.ም. ሲሆን ብዙ ዐሥርተ ዓመታት በሐረር ኖሩ። የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ፥ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፥ ፈረንሳይኛ የተማሩት በእርሳቸውና በአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነው። እንደ ምታውቁት አባ ሳሙኤል ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እንዲህ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማርን ልጆች ይህ ታሪክ የራሳችንም ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አንድ ከባድ ነገር ደርሻለሁና በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ቦታ መቆሙን አንዳንድ ሰው ጨርሶ እንዳይነሣ ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ሰውን ለማስቆጣት ብቻ ያነሣዋል። እኛ በአንድ ክፍል፥ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንማር የክርስቲያንና የእስላም ልጆች ግን ሁለቱም መንገድ አይጠቅመንም። የተደበቀ ታሪክ በጓሮ ይወራል፤ በጓሮ የተወራ ነገር ደግሞ ባወሩት መጠን ያብጣል። ለጠብ የተነሣ ታሪክም ግማሹ ብቻ ይነገራል። ሙሉውን ከተናገርን ግን ከመድኃኔ ዓለም በፊት የነበረውን መስጊድ የሠሩት በመድፍ የገቡ ግብጻውያን እንደ ነበሩ፥ በ16ኛው ምእተ ዓመት በኢማም አሕመድ ዘመቻ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ተቃጠሉ፥ ከጨለንቆ በኋላም የሐረር ሕዝብ ብዙ ሐዘን እንዳሳለፈ ሁሉንም መናገር አለብን። የአባቶች ዕዳ ከልጅ ልጅ ይጠየቅ ከተባለ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ባለ ዕዳ ያልሆነ ሰው አይገኝም። ስለዚህ መምህራኖቻችን ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ፥ በሁለታችንም ፊት፥ በግልጥ እንዲያስተምሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አብረን ከሰማነው አብረን እንሸከመዋለን።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል እመጣለሁ።

«ሀገር የጋራ ነው፥ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን አባባል ሁላችን እናውቀዋለን። መልካም አባባል ነው፤ ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ ያስተምራል። ነገር ግን በጀጎል ውስጥ በእግሩ የሄደ ሰው አንድ ነገር ሊጨምርበት ይወዳል። እምነት የግል ነው፤ የእምነት ቤት ግን ሙሉ በሙሉ የግል ሊሆን አይችልም። የመስጊዱ የውጭ ግድግዳ የጎዳናው ግድግዳ ነው። የቅዳሴው ድምፅ ከእስላሙ ሱቅ ይሰማል፤ አዛኑም ክርስቲያኑን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን በአንድ ዕለት ገብተው ነበር። አንዱ የሚጾመው ጀምበር እስክትጠልቅ ነው፤ ሌላው ሥጋና ወተት ትቶ ነው። አጿጿሙ ለየብቻ ነው፤ ገበያው ግን አንድ ነበር።

ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር፥ አንዱ እስላም አንዱ ካቶሊክ ነው፥ የጀጎልን ጎዳናዎች በእግር ዞረን ነበር። በአንዲት ትንሽ መስጊድ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘን። ቀትር ነበረና፥ «ልጆቼ፥ ፀሐዩ ይመታችኋል፤ ከጥላው ግቡ» አሉን። እኔም፥ «አባባ፥ እኛ ሁለታችን ክርስቲያኖች ነን፤ እዚህ መቀመጥ ይፈቀድልናል?» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ውስጡ የሚሰግዱበት ነው። ጥላው የመንገደኛ ነው» ብለው ቦታ ለቀቁልን።

ስለ ጀጎል የጸሎት ቤቶች ካነበብሁትና ከሰማሁት ሁሉ ከዚህ የበለጠ ነገር አላገኘሁም። የጸሎት ቤት ውስጥና ውጭ አለው። ውስጡ የአማኞቹ ነው፤ ሌላው ሰው ሳይጋበዝ አይገባበትም፥ ሲጋበዝም ጫማውን አውልቆ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል። ውጭው፥ ማለትም ግድግዳው፥ ጥላው፥ ደጃፉ፥ ታሪኩም፥ የከተማው ሁሉ ነው። የሁሉ ከሆነ ደግሞ ሁሉ ሊጠብቀው ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እንደ እኔ አሳብ ሁለት ነገሮች ከአቅማችን በላይ አይደሉም።

አንደኛው ስለ ጥገና ማወቅ ነው። የጀጎል አሮጌ ግንብ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ፥ ፊቱም የተቀባው በኖራ ነው። ጭቃና ኖራ የዝናቡን ውኃ ይጠጣሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሰው ያወጡታል። በዚህ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ከውጭ ሲያዩት ያማረና የጠነከረ ይመስላል። ይሁን እንጂ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ይቀራል፤ ለስላሳውንም ድንጋይ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ብዙ ጊዜ አሮጌውን ቤት የሚጎዳው ክፉ ሰው አይደለም፤ ለማሳመር ብሎ ገንዘብ ያዋጣ ደግ ሰው ነው። ሳይንስ የተማርን ልጆች ይህን በየቤታችን፥ በየሰፈራችንም ብናስረዳ ከብዙ መዋጮ ይልቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው መጻፍ ነው። 82 መስጊድና 102 መቃብር ተብሎ ቍጥሩ በመዝገብ ገብቷል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ማን እንደሠራው፥ ስሙን ከየት እንዳገኘው፥ ማን ሲጠብቀው እንደ ኖረ የሚናገሩት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው፤ የመድኃኔ ዓለምንና የሚሲዮኑንም ነገር እንዲሁ ቃል በቃል የሚያውቁ አሉ። እነርሱ ሁልጊዜ አይኖሩልንም። እኛ ተመራቂዎቹም በቅርቡ ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ ወደ ሌላም አገር እንበተናለን። ስለዚህ ከእኛ በታች ያላችሁ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆናችሁ፥ ቢቻል አንዱ ክርስቲያን አንዱ እስላም ሆናችሁ፥ በየሳምንቱ አንድ ቤት እየመረጣችሁ የሚያውቀውን ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ። ክርስቲያኑ ስለ መስጊዱ፥ እስላሙ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቢጽፍ ደግሞ የበለጠ ይጠነቀቃል፤ የሰው ዕቃ የተዋሰ ሰው ከራሱ ዕቃ ይልቅ በጥንቃቄ ይይዛልና። የተጻፈውም በየዓመቱ በዚህ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ይታተም ዘንድ አዘጋጆቹን እጠይቃለሁ።

ወላጆቻችንንም የምጠይቀው ነገር አለ። ልጆቻችሁ «ይህ ቤት የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፥ «የእነርሱ ነው» ብላችሁ አትለፏቸው። ስሙን ንገሯቸው። እናንተም ካላወቃችሁት ከልጃችሁ ጋር ሄዳችሁ ጎረቤቱን ጠይቁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ምሳሌ ለችግር ቀን ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ለመማርም ይሆናል።

ሐረር እ.ኤ.አ. የ2002–2003 የዩኔስኮን የከተሞች የሰላም ሽልማት ተቀብላለች። ሽልማቱ ሲሰጥ እኛ የዛሬዎቹ ተመራቂዎች ገና አልተወለድንም ነበር፤ ስለዚህ ያገኙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ሽልማት እንደ ርስት ለልጅ አይተላለፍም። እያንዳንዱ ትውልድ እንደ አዲስ ይፈተናል፤ የእኛ ፈተና ደግሞ ከሚቀጥለው ወር የመልቀቂያ ፈተና ጋር አብሮ የሚያልቅ አይደለም።

እግዚአብሔር አገራችንንና ከተማችንን ይጠብቅልን፤ ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።